ምዕራፍ አምስት፦ ከእምኩሉ እስከ ነቀምቴ

ልብ ወለድ ድርሰት ከሚተርካቸው ነገሮች ሁሉ አንባቢን አጥብቆ የሚይዘው፣ ልጅ የነበረው ሰው ልጅነቱን ትቶ ለራሱም ለሌላውም ኀላፊ ወደሚሆንበት ዕድሜ የሚሻገርበት ታሪክ ነው፤ የጦርነቱን ገድል፣ የመንግሥቱንም ወሬ ከሩቅ ሆነን ልናየው እንችላለን፣ ይህን መሻገሪያ ግን ፊደል የቈጠረም ያልቈጠረም፣ ባለጠጋም ድኻም እያንዳንዳችን በገዛ እግራችን ያለፍንበት ስለ ሆነ፣ ደራሲው አንድ ቃል ሲያዛባ አንባቢው ወዲያው ያውቅበታል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ለመጻፍ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ በእውነቱ ግን ከድርሰት ሁሉ ብርቱ ምርመራ የሚጠይቅ ነው።

በአውሮፓ ይህ ድርሰት ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የታወቀው የጀርመኑ ሊቅ ጎተ የቪልሄልም ማይስተርን የትምህርት ዘመን የሚተርከውን መጽሐፍ በ1795 እና በ1796 ካሳተመ ወዲህ ነው፤ ከዚያም እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ በ1850 በመጽሐፍነት በወጣው በዴቪድ ኮፐርፊልድ የአንድን የሙት ልጅ ዕድገት ተረከ፤ በእኛው ክፍለ ዓለምም የጊኒው ካማራ ላዬ በ1953 ባሳተመው መጽሐፉ የአንጥረኛ አባቱን ቤት፣ የግርዘቱን ሥርዓትና ከእናቱ የተለየበትን ቀን አስነበበ። በአገራችን ደግሞ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በፍቅር እስከ መቃብር፣ ወላጆቹ በብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡትን በዛብህን ከሕፃንነቱ ጀምረው እየተከተሉ፣ የወላጅ ስእለት፣ የቤተ ክህነት ትምህርትና የገዛ ልቡ ፍቅር አንዱን ወጣት በየአቅጣጫው ሲስቡት ምን እንደሚደርስበት አሳዩን። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

እነዚህ መጻሕፍት በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በዘመን እጅግ ቢራራቁም፣ ሦስት ነገሮች ግን ከአንዳቸውም አይጠፉም፤ እነርሱም ልጁን የሚያሳድገው ቤተሰብ፣ ከቤተሰቡ ሲወጣ የሚያገኘው ጓደኛ፣ ሁለቱንም መጥቶ የሚያናጋው ለውጥ ናቸው። ዘወትር የሚታየው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፦ ልጁ ቤተሰቡን ይወዳል፣ ቀጥሎ በቤተሰቡ ላይ ጓደኛውን ይመርጣል፣ በመጨረሻም ለውጥ መጥቶ ሁለቱንም ትቶ ብቻውን እንዲቆም ያስገድደዋል። የምዕራፋችን ጕዳይ የሆነው የወለጋ ታሪክ ግን ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ነው፤ በዚያ ለውጡ ከሁሉ አስቀድሞ በግፍ መልክ መጣ፣ ቤተሰብንም አፈረሰ፣ የፈረሰውንም የቤተሰብ ሥራ ጓደኝነት ተረክቦ ሠራው፤ ከዚያም ጓደኝነት መጽሐፍ ተወለደ። ይህን ታሪክ ስንመረምር ደጋግመን የምናገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ወጣት በሰለ የሚባለው ከቤቱ በወጣበት ቀን ሳይሆን፣ የተነጠቀውን ቤት በሌሎች መካከል መልሶ ለማቆም በቻለበት ቀን ነው።

የዕድሜ ሥርዓት በምዕራቡ አገር

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት፣ እነዚህ ልጆች የተነጠቁት ከምን ዓይነት ሥርዓት እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ዕድሜ የአንድ ሰው የግል ጕዳይ አልነበረም፤ በገዳ ሥርዓት ወንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከእኩዮቹ ጋር አብሮ ይሸጋገር ነበርና፣ ማደግ ማለት ከወገን መለየት ሳይሆን ከወገን ጋር አብሮ መውጣት ነበር። ሂሪያ የሚባለው እኩያ ጓደኛ ከወንድም ባልተናነሰ የሚታይ፣ ኀላፊነትም ያለበት ዝምድና ነበር። ወላጅ ያጣ ወይም ወላጆቹ የሰጡት ልጅም ቢሆን በጉዲፈቻ ሌላ ቤት ገብቶ እንደ ወለዱት ልጅ ስም፣ ርስትና ክብር ያገኝ ነበር፤ ይህንም ቃል አማርኛ ከነሥርዓቱ ተውሶት፣ እስከ ዛሬ በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ ይኖራል።

በ19ኛው ምዕት ዓመት ግን ይህ ሥርዓት በብዙ ወገን ተናግቶ ነበር። በጊቤ አገር የሊሙ እናርያና የጅማ ነገሥታት፣ በወለጋም የነቀምቴው ባለአባት የሞረዳ በከሬ ወገንና በቄለም የጆቴ ቱሉ ወገን በየፊናቸው ኀይላቸውን አጽንተው ነበር፤ ከምዕራቡ አገር ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው በሲራራ ነጋዴ ወደ ሰሜንና ወደ ሱዳን ሲወጣ፣ ከእርሱ ጋር የሰው ልጅ ይሸጥ ነበር። ወደ ቀይ ባሕር ከሚነዱት ከእነዚህ ምስኪኖች አብዛኞቹ ሕፃናትና ወጣቶች፣ ከእነርሱም ሴቶች የሚበዙት ነበሩ፤ ምክንያቱም ነጋዴው የሚፈልገው በአዲስ አገር አዲስ ቋንቋ ሊለምድ፣ የቀድሞውንም ሊረሳ የሚችለውን ዕድሜ ነበር። ይህን ምክንያት አንባቢ ልብ ይበል፤ የባሪያ ፍንገላ ንግድ የተመሠረተው ልጅ ይረሳል በሚል ሐሳብ ላይ ነበርና፣ የምንተርክላቸው ልጆች ያደረጉት ትልቁ ነገር አለመርሳታቸው ነው።

የሁለት ልጆች መነጠቅ

የመጀመሪያው ልጅ ሂካ ይባላል። በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ በ1856 ገደማ ተወልዶ፣ በአራት ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ በ1869፣ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ገደማ ሲሆን፣ ፈንጋዮች ከእናቱ ቤት አካባቢ ነጠቁት። ከዚያ በኋላ፣ ራሱ ዐድጎ ለስዊድን የወንጌል ማኅበር በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ እንደ ተናገረው፣ በስምንት ጌቶች እጅ ተላልፎ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 በዚያ የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለማኅበሩ ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 በዕለተ ትንሣኤ ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይህም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት፣ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ የማለደለት ሰው ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በትምህርቱ ብርቱ ስለ ሆነ ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሐንስሉንድ የመምህራን ቤት አምስት ዓመት ተማረ፤ በ1881 ተመልሶ ምሕረት ኀይሉ የተባለችውን አገባና ወዲያው በሱዳን በኩል ዞሮ ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሣ። ጕዞው ግን ከአሶሳ አላለፈም፤ በንዳድ ታሞ ወደ ካርቱም ተመለሰ፣ በ1882 ሚያዝያ ካርቱም ሲደርስም የማህዲስቶች ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። መንገዱ ስለ ተዘጋ የማኅበሩ ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ እምኩሉ ተመልሶ፣ በእግሩ ያልደረሰበትን አገር በጽሕፈት ሊደርስበት ትርጓሜ ጀመረ።

ሁለተኛይቱ ልጅ አስቴር ጋኖ ናት። በ1872 ገደማ ከነጻ ቤተሰብ ተወለደች፤ ኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ወሰዳት፣ ከዚያም ለዐረብ አገር ገበያ ተሸጠች። ጣልያኖች ምጽዋን በ1885 ይዘው ስለ ነበር፣ በ1886 መርከቦቻቸው ወደ ዐረብ አገር የሚሻገረውን ጀልባ በባሕር ላይ አግኝተው ያዙት፤ በውስጡ ከነበሩት ልጆች አንዷ እርሷ ነበረች። ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ይህች ልጅ ከምጽዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደሚገኘው የእምኩሉ የሴቶች ትምህርት ቤት ተወሰደች። ከሊሙ ደጋ፣ ከደኑና ከዝናሙ አገር ወጥታ፣ ምድሩ አሸዋና ጨው፣ አየሩም እሳት በሆነበት የባሕር ጠረፍ አዲስ ሕይወት ጀመረች።

ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ በዚህ ቦታ ቆም ይል ነበር፤ ዐሥራ አራት ዓመት ወላጆችን የማስታወሻ፣ ግን ወደ ወላጆች የመመለሻ ዐቅም የሌለው ዕድሜ ነውና። የሕፃን ልጅ ሐዘን በጊዜ ይደበዝዛል፣ የጐልማሳም ሐዘን በሥራ ይጸናናል፤ የወጣት ሐዘን ግን ሁሉን የሚያስተውል፣ ምንም ማድረግ የማይችል ሐዘን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሐዘን ታላቅ ሰው መድኀኒት አያገኝለትም፤ መድኀኒቱ ያው መከራ የደረሰበት እኩያ ነው፤ በእምኩሉም የተገኘው ይኸው ነበር።

በእምኩሉ የተሠራው ቤተሰብ

በእምኩሉ የተሰበሰቡት የኦሮሞ ልጆች ከአንድ መንደር የመጡ አልነበሩም፤ አንዱ ከኢሉባቦር፣ አንዷ ከጊቤ፣ ሌላውም ከሌላ ወረዳ ተነጥቆ የደረሰ፣ አንድ የሚያደርጋቸው ቋንቋቸውና መከራቸው ብቻ ነበር። ከእነርሱ መካከል ከአስቴር ጋር ስማቸው በታሪክ የቀረው ሊድያ ዲምቦ፣ ፌበን ሂርጴ፣ እስጢፋኖስ ቦናያን የመሳሰሉት ናቸው። አገራቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከቶ የማይተዋወቁ ልጆች፣ በባዕድ ምድር እኅትና ወንድም ሆኑ፤ ኦኔሲሞስም በዕድሜ ስለሚበልጣቸው እንደ ታላቅ ወንድም፣ እንደ መምህርም ሆነላቸው። በአባቶቻቸው አገር ጉዲፈቻ የሚፈጸመው አንድ ቤት አንድ ልጅ ሲቀበል ነው፤ በእምኩሉ ግን ልጆቹ ሁሉም ቤት የሌላቸው ስለ ሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ተቀባበሉ።

ይህ ቤተሰብ ደግሞ የጋራ ሥራ ነበረው። ኦኔሲሞስ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሣ አንድ ብርቱ ችግር ገጠመው፤ ከአገሩ የወጣው ገና በልጅነቱ ስለ ነበረ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት በባዕድ ቋንቋ ሲማር ስለ ኖረ፣ የቋንቋ ስንቁ የልጅ ስንቅ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጐም ግን የልጅ ቋንቋ አይበቃም፤ የሽማግሌ ፍርድ፣ የእርቅና የመሐላ ሥርዓት፣ የእርሻና የከብት፣ የልቅሶና የምስጋና ቃል ሁሉ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ አስቴር ከሌሎቹ ልቃ የምትታይ አእምሮ እንዳላት፣ ለኦሮምኛም ጥልቅ ስሜት እንዳላት ተረዳ፤ የመዝገበ ቃላቱንም ሥራ ለእርሷ ሰጣት። እርሷ ያዘጋጀችው መዝገብ በመጀመሪያ ያገለገለው በ1893 ለታተመው የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ማጥሪያ ነበር።

መዝገበ ቃላት በእነዚህ ወጣቶች እጅ እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ አያዳግትም። አንዱ በኢሉባቦር የለመደውን ቃል ያመጣል፣ ሌላይቱ በጊቤ እንዲህ አይባልም ትላለች፤ ሁለቱም ልክ ናቸውና ሁለቱም ይጻፋሉ። ከዚህ ክርክር ውስጥ ልጆቹ ቃሉን ብቻ አልነበረም የሚያወጡት፤ ቃሉን የሰሙበትን ደጃፍ፣ የተናገረውንም ሰው ከነድምፁ ማስታወስ ነበረባቸው፤ ቃል ከሰው አፍ ካልተሰማ አይታወቅምና። ስለዚህ የተበተነው ቤታቸው በየቀኑ በቃል በቃል እየተለቀመ ይሰበሰብ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። አስቴር ከዚህም ዐልፋ 500 ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፈች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ ማተሚያ ቤት በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍም ተረጐመች፤ ከኦኔሲሞስ ጋር የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጀች።

በዚያ የማንበቢያ መጽሐፍ ላይ ጥቂት እንቈይ፣ ፍሬው ከዚህ ነውና። ለጀማሪ ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ በማንኛውም አገር የታላላቆች ሥራ ነው፤ ይህ ግን በወጣትነታቸው የተሰደዱ ልጆች፣ አይተዋቸው ለማያውቋቸው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለዱ የአገራቸው ልጆች ያዘጋጁት ነው። ባሪያ ፈንጋይ ልጅን ሲነጥቅ ልብሱን፣ ጌጡን፣ ስሙንም ሳይቀር ይወስድበታል፤ የማይወስድበት ሀብት በምሽት ከእሳት ዳር የሰማው ተረት ብቻ ነው፤ አስቴርም ይህን በልቧ ይዛ ባሕር ድረስ የወሰደችውን ሀብት ለራሷ መጽናኛ አድርጋ አላስቀረችውም፣ ጽፋ ወደ አገሯ ላከችው። በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለውን እንቆቅልሽ እንኳ ብንወስድ፣ በሰፊው የአገራችን ክፍል ልጆች ሲጫወቱት መልሱን ያላወቀው አገር ይስጥ ይባላል፤ አገራቸውን በግፍ የተነጠቁት ልጆች እንቆቅልሹን ጽፈው አገር የሚሰጡ ሆኑ።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጕሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። አስቴር በእምኩሉ ባሕር ዳር ከወረደችበት ቀን አንሥቶ እስከዚህ ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመት ዐልፏል፤ ልጅ ሆና የጀመረችውን ሥራ ሴት ሆና ፈጸመችው። በርእሱ ገጽ ላይ የተጠራው ግን የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። ኦኔሲሞስ ያለ ጥርጥር የሥራው አባት ነው፤ ነገር ግን የወጣት ጓደኝነት ሥራ በአንድ ሰው ስም ሲመዘገብ የሚጐድል እውነት አለ፣ የጐደለውም ክፍል የሴት ልጅ ድርሻ መሆኑ በታሪካችን ብዙ ጊዜ የተደጋገመ በደል ነው። ይህን ማረም የኋለኛው ትውልድ ዕዳ ነው።

ወደ ነቀምቴ መመለስ

ከዚህ በኋላ ሁለቱን በአንቱታ እንጠራቸዋለን፣ ልጅነታቸው እዚህ ላይ ያበቃልና። በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎችም የኦሮሞ ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ወጥተው ወለጋ ገቡ። በቦጂ ከ1898 ጀምሮ ከኤርትራ የመጡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ባልደረቦቻቸው ማስተማር ጀምረው ስለ ነበር መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ነቀምቴ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠችው ከተማ፣ ያን ጊዜ የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር መቀመጫ ነበረች። እኒህ መስፍን የሞረዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ ናቸው፤ ክርስትና ሲነሡ ስማቸው የተለወጠ ባለአባት ነበሩ፤ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ በነቀምቴ ይታያል። እርሳቸውም መጻተኞቹን በደስታ ተቀበሉ።

ልብ በሉ፤ ተቀባዩም ተመላሹም ሁለት ሁለት ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሂካ ኦኔሲሞስ ሆነው ሲመለሱ ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር ሆነው ጠበቋቸው፤ ለውጡ የሄደውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ለውጦት ነበር። ብዙ ልብ ወለዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ባለታሪኩ ዐድጎ ሲመለስ አገሩን እንደ ተወው ያገኘው ይመስል ይጽፋሉ። እውነተኛው መመለስ ግን ሁለት የተለወጡ ወገኖች እንደገና የሚተዋወቁበት ነው፤ ትውውቁም ሁልጊዜ በሰላም አያልፍም።

በወለጋም አላለፈም። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ ሲያስተምሩ ሕዝቡ ይሰማቸዋል፣ ከሌላ ክፍል የመጡት ካህናት ግን ምን እንደሚሉ አይሰሙም ነበርና ጥርጣሬው በረታ፤ በእመቤታችን ላይ ክፉ ተናገሩ ተብለው ተከሰሱ፣ በ1906ም አዲስ አበባ ቀርበው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙ። ከአገር ይውጡ የሚል ፍርድ ቢሰጥም ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው፣ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ አሉ። ከዚያም ኦኔሲሞስ ሥራቸውን በትምህርት ቤቱ ወሰኑት፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ ዐሥር ዓመት ፊደል እያስቈጠሩ ኖሩ። እኔ በሁለቱም ወገን የእምነት ቅንዓት እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ ዳሩ ግን ሊቃውንቱና መምህሩ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ቢሰማ ኖሮ ክርክሩ የቱን ያህል በቀለለ እያልሁ ማሰቤ አልቀረም።

በዚያ ጭንቅ ዘመን ሥራውን ያልተወው የነቀምቴ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህርት አስቴርም በዚያ አስተማሩ። በእምኩሉ ለሩቅ አገር ልጆች የጻፉትን ማንበቢያ አሁን ለነቀምቴ ልጆች ራሳቸው ከፍተው አስነበቡ። የነቀምቴ ልጅ ፊደል ሲቈጥር ያነበባቸው ተረቶች የአያቱ ተረቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት መግባት ከቤት መውጣት አልሆነበትም። ኦኔሲሞስ በ1931፣ መምህርት አስቴርም በ1964 ዐረፉ፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ በ1942 ሲታወጅ እርሳቸው በሕይወት ነበሩ፣ በልጅነታቸው በገንዘብ የተሸጡት እናት ንግዱ በሕግ ሲጠፋ ለማየት በቁ።

ከዚህ ታሪክ ደራሲ የሚማረው

ይህ ታሪክ የእምኩሉዎቹን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን፣ የዘመናቸውን ሌሎች ልጆች ማስታወስ ይገባል። በ1888 የእንግሊዝ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ያወጣቸው የኦሮሞ ልጆች ወደ ዐደን ተወሰዱ፤ ከእነርሱ 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሻግረው በላቭዴል ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1909 ከእነርሱ 17 ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፣ የቀሩትም በያሉበት ትዳር ይዘው ኖሩ። ከቀሩት አንዷ የነበረችው የቢሾ ጃርሳ የልጅ ልጅ፣ በአፓርታይድ ላይ በመታገሉ የታሰረው ታዋቂው የደቡብ አፍሪቃ ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር ነው። አንዱ የጓደኞች ጉባኤ መጽሐፍ ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሌላው ዘሩን ለሌላ አገር ትግል አበረከተ፤ ሁለቱም ግን ያደጉት እኩያ እኩያውን ደግፎ ነው።

በዚህ ማስረጃ ስንመዝነው፣ የወጣትነት ልብ ወለድ ለእኛ አገር የሚሆነው ከሌላ አገር የተቀዳው ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ብቻውን ቆሞ ቤተሰቡን የሚክድ ባለታሪክ በአውሮፓ የብስለት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በወለጋ ግን ብስለት የሚለካው ስንት ሰው ይዞ በመመለስ ነው። ጓደኝነትም በእኛ ድርሰት ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ከፍቅር ታሪክ ጐን የሚቆም ማጀቢያ ሊሆን አይገባውም፤ አንድ ጉባኤ ወጣቶች መዝገበ ቃላት ሲሠሩ፣ በቃል ሲከራከሩ፣ የአንዷን እናት ተረት ሁሉም ሲማሩት የሚታይበት ምዕራፍ ከማናቸውም ጀብዱ ይበልጥ ልብ ይይዛል። ለውጥም ቢሆን በነጐድጓድ ብቻ አይመጣም፤ በአዲስ ስም፣ በአዲስ ፊደል፣ በማይግባቡ ሁለት ቅን ሰዎች መካከልም ይመጣል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው በሐዲስ የትውልድ አገሩን የሱጴን ትንሽ ትምህርት ቤት ለአማርኛ አንባቢ ባሳየ ጊዜ፣ የምዕራቡ አገር የትምህርት ታሪክ ለትልቅ ልብ ወለድ እንደሚበቃ አስመስክሯል፤ በኦሮምኛም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ልብ ወለድ በብዛት መታተም ስለ ጀመረ፣ ይህን ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ እጅ አይጠፋም።

ነገር ግን ደራሲው ከመነሣቱ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ አለ። የታሪክ ጸሐፊው ጉስታቭ አሬን በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ መምህርት አስቴር ከሰበሰቧቸው ተረቶችና ዘፈኖች ከፍ ያለው ክፍል በስዊድን በአንድ ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ ሳይታተም ቈይቶ ነበር። እንግዲህ በነቀምቴ በ2007 የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች የትምህርት ተቋሞቻችን፣ ይህን ስብስብ በሙሉ አጥርተው ከነትርጕሙ ለሕዝብ እንዲያቀርቡ አደራ እንላለን። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ የምትኖሩ፣ ለመጻፍ የምትሹ ወጣቶች ሆይ፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ሳይረሳ ጻፉት፤ ከጓደኞቻችሁም ጋር ተነጋግራችሁ አርሙት። በምትጽፉትም ላይ የሁላችሁም ስም ይኑርበት።